የእህቴ ገንዘብና ቀጭኗ ቧንቧ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጽፈው እያሰብኩ ሳፍር ትቼው ነበር። ዛሬ ግን ሁለት ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ስቲም ዴክ ላይ የውጭ ግራፊክስ ካርድ ይገጠማል አይደል? እርስዎ ገጥመዋል ሲባል ሰማን» ብለው መጡብኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ገብቷል ማለት ነው። እንግዲያው ሙሉውን ከእኔው ከራሴ ስሙት።

የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ነው፤ እዚህ ደሴ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። እናቱ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመቷ። አምና አሜሪካ የሚኖር የአጎታችን ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ለልጁ ስቲም ዴክ አመጣለት። ለማታውቁት፣ ስቲም ዴክ ማለት ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2022 (በፈረንጆቹ) ያወጣው በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ነው። ሲያዩት መጫወቻ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። በሊነክስ ነው የሚሠራው፣ 16 ጊጋባይት ራም አለው፣ ኪቦርድና ማውስ ከሰካችሁበት ደብዳቤ ይጻፍበታል። ልጁ ሁለት ወር ያህል ተጫወተበት። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ መሥሪያ ጫነና የንጉሥ ሚካኤልን የአይጠየፍ አዳራሽ መሥራት ጀመረ። እየሄደ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ማታ ይሠራል። እኔ ልጁ ጌም ላይ ነው ብዬ ስቆጣ አንድ ቀን በትከሻው በኩል አየሁት፤ በሩን ሠርቶ ጣሪያው ላይ ደርሷል። ምንም አላልኩም፣ ሻይ አመጣሁለት።

ችግሩ ምስሉን አስልቶ የማውጣቱ ሥራ ነበር፤ ሬንደር የሚሉት። ለአንዲት ምስል አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ልጁ የፈለገው ደግሞ ካሜራ በአዳራሹ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሳይ የ10 ሰከንድ ፊልም ነው፤ በሰከንድ 24 ምስል ብትሉት 240 ምስል። ሒሳቡን ሥሩት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ መሥራት አለበት። ደሴ ላይ ሁለት ቀን ሳይጠፋ የሚቆይ መብራት ካገኛችሁ ንገሩኝ።

እህቴ ይህን ስትሰማ ኢሞ ላይ ደወለች። «ላፕቶፕ ግዛለት» ብላ ገንዘብ ላከች። የእኔ የአምስት ወር ደሞዝ ይሆናል።

እኔ ደግሞ ብልጥ ልሁን አልኩ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ፈረንጅ በእጅ የሚያዝ መጫወቻውን በአንድ ኬብል ከትልቅ ግራፊክስ ካርድ ጋር አገናኝቶ ዴስክቶፕ ሲያደርገው አይቼ ነበር። ሒሳቤ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ አለ፣ የጎደለው ጉልበት ነው፣ ካርድ ብቻ ገዝቶ መሰካት። ከላፕቶፑ ዋጋ ግማሹ ይተርፋል። እህቴን ሳላማክር አዲስ አበባ ሄጄ ያገለገለ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650፣ ባለ 4 ጊጋባይት፣ ከነፓወር ሰፕላዩ ገዛሁ። ሻጩን «በዩኤስቢ-ሲ ይሠራል?» ስለው «ይሠራል ወንድሜ፣ ዩኤስቢ-ሲ ያው ዩኤስቢ-ሲ ነው» አለኝ። በሻጩ አልፈርድም። እሱ ሊሸጥ ፈልጎ ነው፣ እኔም ማመን ፈልጌ ነው። የእኔ ዲፕሎማ እኮ በአይሲቲ ነው! ስታፍ ክፍል ውስጥ ፕሪንተር እንቢ ባለ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። ባለ ዲግሪዎቹ «እሱ ያውቃል» ሲሉ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ያች ደስታ ናት ያስበላችኝ።

ዩኤስቢ-ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ስም ነው። ምን እንደሚያልፍበት አይናገርም። ግራፊክስ ካርድ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባል መንገድ ነው። ተንደርቦልትና ዩኤስቢ4 ይህን መንገድ ጠቅልለው በኬብሉ ውስጥ ማሳለፍ ይችላሉ። ቪዲዮው ላይ የነበረው ሌኖቮ ሊጅን ጎ ነበር፣ በ2023 የወጣ፣ ሁለት የዩኤስቢ4 ቀዳዳ ያለው። የስቲም ዴክ ቀዳዳ ግን ዩኤስቢ 3.2 ነው። በሰከንድ 10 ጊጋቢት ዳታ ያመላልሳል፣ ምስል ወደ ቲቪ ያወጣል፣ ቻርጅ ይቀበላል። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ግን አያሳልፍም። «ቀስ ይላል» ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ አያልፍም። እኔን ያሳሳተኝ ቲቪው ነው። ከቲቪ ጋር ስናገናኘው ምስሉ ቁልጭ ብሎ ሲወጣ አይቼ፣ ምስል ካለፈ ካርድስ ምን ይከለክለዋል ብዬ ነበር። ምስል መውጣትና ካርድ መግባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላም ውርደት አለ። ቪዲዮው ላይ «40» የሚል ቁጥር ሰምቼ በሰከንድ 40 ጊጋባይት ነው ብዬ ይዤው ነበር። 40 ጊጋቢት ነው። ለስምንት ሲካፈል 5 ጊጋባይት፤ ከዚያም ላይ ለካርዱ የሚደርሰው ያንሳል። ቢትና ባይትን በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል የማስተምረው እኔ ነኝ። ፈተና ላይ ለስምንት ሳያካፍል የመጣውን ተማሪ ሁለት ማርክ እቀንስበታለሁ። የእኔን ማን ይቀንስ?

ካርዱን አልጋ ሥር አስገብቼ አንድ ሳምንት ዝም አልኩ። እህቴ ስትደውል «ላፕቶፑ እንዴት ነው?» ስትለኝ «እያየን ነው» እላለሁ። ልጁ ይሰማኛል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ምንም አይልም። ይቺ ዝምታ ከስድብ ትከብዳለች።

መላውን ያገኘው እሱ ነው። «ጋሼ፣ በኤስኤስዲው ቀዳዳ በኩል ይቻላል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ስቲም ዴክ ውስጥ ኤስኤስዲ የሚሰካባት ኤም.2 የምትባል ቀዳዳ አለች፤ እሷ እውነተኛ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ናት፣ ሦስተኛው ትውልድ፣ አራት ሌን። ኤስኤስዲው ወጥቶ በቦታው ማገናኛ ይገባል፣ ማገናኛው በሪባን ኬብል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ካርዱ እዚያ ላይ ይቆማል። ማገናኛዋ ከዱባይ በሰው እጅ መጣች፤ አንድ ወር ፈጀች።

የከፈትነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከኋላ ስምንት ብሎን አለው። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ክዳኑን በፕላስቲክ ካርድ ፈልቅቄ ሳብ ሳደርገው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሚሞሪ ካርዱን ሳላወጣ ነው የከፈትኩት! ለሁለት ተሰበረ። ከመክፈት በፊት ሚሞሪ ካርድ ይውጣ የሚለው ማስጠንቀቂያ በየመመሪያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው ያለው፤ ያነበብኩት ከሰበርኩ በኋላ ነው። ልጁ የአዳራሹን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጦት ባይሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር። የምትከፍቱ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን አውጡ።

የወጣውን ኤስኤስዲ በዩኤስቢ ማቀፊያ አድርገን ዊንዶውስ ጫንንበት፤ ስቲምኦኤስ ከኤኤምዲ ካርድ ጋር ነው የሚስማማው፣ ኤንቪዲያ ላይ ያስቸግራል። ቻርጀሩ፣ ዲስኩ፣ ኪቦርዱ ሁሉም በአንድ ሀብ ላይ ተንጠለጠለ። ክዳኑ አይገጥምም፣ ኬብሉ ከጀርባው ወጥቶ ይታያል። በእጅ የሚያዝ የነበረው ነገር ጠረጴዛ ላይ ታስሮ እንደሚታከም በሽተኛ ሆነ። ፓወሩን አብርተን፣ ከዚያ እሱን አስነሳነው። ካርዱ ታወቀ። ተቃቅፈን ጮህን፤ ጎረቤት ኳስ ያለ መስሏት በር አንኳኳች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለተማሪዎቼም የነገርኳቸው ይሄንን ነው።

ደሴ ውሃ በፈረቃ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቤታችሁ ሮቶ አለ፣ ከመንገዱ የሚመጣ ቧንቧ አለ። ቧንቧው ቀጭን ቢሆንም ሮቶው ትልቅ ከሆነና ሌሊት ሞልቶ ካደረ ቀን ላይ ቧንቧው መቅጠኑን ማንም አያስታውስም። ሮቶው ትንሽ ሆኖ እንግዳ ከበዛ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የቤታችሁ ውሃ ማለት ያቺ ቀጭን ቧንቧ ናት።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ያለው ሜሞሪ ሮቶው ነው። ኬብሉ ቧንቧው ነው። የእኔ ካርድ ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 128 ጊጋባይት ያነባል። በኤም.2 ቀዳዳዋ በኩል ሊመጣለት የሚችለው ግን ቢበዛ 3.9 ጊጋባይት ገደማ ነው። ከ30 ጊዜ በላይ ልዩነት አለ። ይሄው ካርድ ዴስክቶፕ ላይ ቢሰካ 16 ሌን ያገኝ ነበር፣ በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት የሚጠጋ። ያም ከ128 ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ግን አራት እጥፍ ነው።

ጌም በሰከንድ 60 ምስል እንዲያወጣ ከፈለጋችሁ ለአንዱ ምስል ያላችሁ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ በእኛ ቧንቧ የሚያልፈው 65 ሜጋባይት ነው፣ ያውም ሁሉ ነገር ቢመቻች። አሁን ጌሙ ውስጥ አዲስ ሰፈር ገባችሁ እንበል። ግድግዳው፣ አስፋልቱ፣ የሰዉ ልብስ፣ 500 ሜጋባይት የሚሆን ሥዕል ሮቶው ውስጥ የለም። ያ ሁሉ በቧንቧው እስኪመጣ ስምንት ምስል የሚወጣበት ጊዜ ያልፋል። ዓይናችሁ የሚያየው ጌሙ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደገና ሲዘል ነው።

በትክክል ያየነውም ይሄንኑ ነው። ጂቲኤ 5 የ2013 ጌም ነው፣ 4 ጊጋባይት ይበቃዋል፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ልጁ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳየ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቀጥሎ አንድ አዲስና ከባድ ጌም ከፈትን። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። መኪና ይዘን ከተማው ውስጥ ስንገባ መንተፋተፍ ጀመረ። አንድ ሁለት ሰከንድ ይሄዳል፣ ይቆማል። ሐረጎን ስትወጡ ከፊታችሁ ሲኖትራክ ሲኖር አስቡት፤ መኪናችሁ ላንድክሩዘር ቢሆን ምን ይፈይዳል? የሥዕሉን ጥራት ዝቅ ስናደርገው፣ ማለትም ሮቶው ውስጥ እንዲገባ ስናሳንሰው፣ መንተፋተፉ ቀነሰ። አማካይ ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ጨዋታው ግን ያናድዳል። ቁጥር ብቻ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን የማላምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ምስሉ ተመልሶ ወደ መጫወቻው ስክሪን ሲመጣ የሚይዘውን ቦታ ነው። እሱ እዚህ ላይ ያን ያህል አይደለም። የስቲም ዴክ ስክሪን 1280 በ800 ነው፤ አንዱ ምስል ወደ 4 ሜጋባይት፣ በ60 ብታበዙት በሰከንድ 250 ሜጋባይት ገደማ። ያውም መንገዱ መሄጃና መመለሻው የተለያየ ስለሆነ ከሚገባው ጋር በቀጥታ አይጋፋም። ቢሆንም መገልበጡ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ሞኒተር ካላችሁ በቀጥታ ካርዱ ላይ ሰክታችሁ ተገላገሉ። እኛ አሮጌ ሞኒተር ሰክተን ልዩነቱን አይተናል።

የእኔ ጥፋት እንግዲህ ሁለት ነው። ቀጭን ቧንቧ ላይ ትንሽ ሮቶ ነው የገዛሁት። ሰፊ ቧንቧ ያለው ሰው ትንሽ ሮቶ ቢኖረው ይቻቻላል፤ ሁለቱም ሲጠቡ ነው ጉዱ። ይሄን ስህተት ትልልቆቹም ሠርተውታል። ኤኤምዲ በጥር 2022 አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚባል ካርድ አወጣ፤ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ አራት ሌን ብቻ። አራተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ እሺ ይላል። ሦስተኛው ትውልድ ላይ፣ ማለትም ርካሽ ካርድ የሚገዛ ሰው ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ ሲሰካ ብዙ ጌም ላይ በጣም ወረደ። ያኔ ያነበብኩት ነገር ነው። አንብቤ ረሳሁት።

ገንዘብ ያለው ሰው የተሻለ መንገድ አለው። ጂፒዲ የሚባለው የቻይና ኩባንያ የ2023ቱ ዊን 4 ላይ ኦኩሊንክ የሚባል ቀዳዳ አድርጎለታል፤ አራተኛው ትውልድ አራት ሌን፣ 64 ጊጋቢት። የእኛ እጥፍ ማለት ነው። አሱስ ደግሞ የመጀመሪያው አሊ ላይ የራሱን የተለየ ማገናኛ አደረገ፣ የእሱን ካርድ ካልገዛችሁ የማይሠራ፤ አሊ ኤክስ ላይ ትቶት ዩኤስቢ4 አደረገ። በሁሉም ላይ ግን ሌላ ነገር አትርሱ። በእጅ የሚያዘው ዕቃ ፕሮሰሰሩ ትንሽ ነው። የስቲም ዴክ አራት ኮር ነው፣ ለሙሉ ቺፑ የተፈቀደለት ኃይል 15 ዋት ነው። ቧንቧውን ብታሰፉት እንኳ ውሃ የሚቀዳው ያው አንድ ልጅ ነው።

ይሄን ሁሉ ካየሁ በኋላ ካርዱን ልሸጠው ወስኜ ነበር። ልጁ «ቆይ ጋሼ፣ ብሌንደሩን ሳንሞክር?» አለኝ። እውነት ነው፣ የመጣንበትን ረስተን ጌም ላይ ነበርን። (ልጁ ሳይሆን እኔ ነኝ የረሳሁት፤ ማታ ማታ ማን ሲነዳ እንደሚያመሽ እሱ ይመስክር።)

አዳራሹን ከፈተ፣ ሬንደሩ በካርዱ እንዲሠራ አዘዘው። የመጀመሪያዋ ምስል በሦስት ደቂቃ ወጣች። መንተፋተፍ የለም፣ ምንም የለም። ትንሽ ግራ ገባኝና ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ሙሉ አዳራሹ፣ ግድግዳው ከነሥዕሉ፣ አንድ ተኩል ጊጋባይት ቢሆን ነው። በእኛ ቧንቧ ሲያልፍ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ካርዱ ከራሱ ሮቶ እየቀዳ ብቻውን ነው የሚሠራው። ቧንቧው ቀጭን ሆነ ወፍራም ግድ የለውም። ለጌም የማይሆነው ነገር ለዚህ ሥራ በደንብ ይሆናል፤ ጌም በየ16 ሚሊሰከንዱ መልስ ይጠብቃል፣ ይሄ አንዴ ተቀብሎ ይቀመጣል። አዳራሹ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ቀን ግን ያው ነው፤ ልጁ ዛፍ ልጨምር ሲለኝ ቅጠሉን እንዲቆጥብ እለምነዋለሁ።

ሁለት ቀን የነበረው አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። መብራቱን ግን ያሸነፈው የለም። መጫወቻው የራሱ ባትሪ አለው፣ ካርዱ የለውም። መብራት እልም ሲል ካርዱ ይሞታል፣ ዊንዶውሱ ደርቆ ይቀራል፣ እንደገና መነሳት ነው። ደግነቱ ያለቁት ምስሎች አይጠፉም።

ለእህቴ የነገርኳት ባለፈው እሁድ ነው። ላፕቶፕ እንዳልገዛሁ፣ በምን እንዳጠፋሁት፣ ምን እንደተረፈ፣ ሁሉንም። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ላፕቶፕ ግዛ ነው ያልኩህ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም፤ ስልኩ ተዘጋ። ሰዓቱ የእመቤቷ ይሁን የንዴት አላወቅኩም። ማታ ላይ የድምፅ መልእክት ላከች፤ «አብሽር፣ የሠራውን ግን ላክልኝ፤ ልየው።» ልጁ 30 ምስል ያህል አያይዞ አንድ ሰከንድ ከምናምን የምትሆን ፊልም ላከላት። ሰኞ ጠዋት ሳየው አሥራ አንድ ጊዜ መልሳ ልካልናለች፤ አንዱ ለእኔ፣ ሌሎቹ ለመላው ቤተሰብ ግሩፕ።

ላፕቶፑን እገዛለሁ። እቁብ ገብቻለሁ፤ እጣዬ በጥቅምት ይደርሳል። ካርዱን «ትሸጠዋለህ ወይ» እያላችሁ በውስጥ መስመር አትጻፉልኝ፣ የእኔ አይደለም፣ የልጁ ነው። ስቲም ዴኩን ለመክፈት የምታስቡ ተማሪዎቼ ደግሞ ሰኞ ከክፍለ ጊዜ በኋላ ላብ ኑ፤ ሚሞሪ ካርዱን ግን ቤት አውጥታችሁ ኑ።

ይሄን ስጽፍ ልጁ ከጎኔ ነው። 143ኛው ምስል ላይ ደርሷል። እስከ ንጋት መብራት እንዳይጠፋ፣ የሚጸልይ ይጸልይልን፣ ዱዓ የሚያደርግም ያድርግልን።